«ሴረኛ» ከማለታችን በፊት

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንተቸው ግጥም፣ መዝሙር ወይም አጭር ልብ ወለድ ነው። ዛሬ ግን አንድ ቃል ብቻ አንሥተን እንመርምር። ቃሉን ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ትሰሙታላችሁ፤ በቴሌግራምና በፌስቡክ ታነቡታላችሁ፤ ከፕሮግራም በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመን ስንጨዋወትም እኛው ራሳችን እንጠቀምበታለን። ቃሉ «ሴረኛ» ነው።

ይህን ቃል የመረጥኩት በራሴ ጥፋት ምክንያት ስለሆነ አስቀድሜ ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ሦስት አገልጋዮች በአንድ የሥራ ቀን ማታ ተገናኝተው፣ ለሌሎቻችን ሳይነግሩ፣ የመዘምራኑን መሪ ቀየሩ። እኛ የሰማነው እሑድ ዕለት በማስታወቂያ ነው። ተናደድኩ። ግቢ ውስጥ በቆሙ ልጆች መካከል «እነዚህ እኮ ሴረኞች ናቸው» አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሉ በዚያው ቀን ማታ ሁሉም ቤት ደርሶ ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ መጥተው አስረዱን፤ ስለ አሠራራቸውም ይቅርታ ጠየቁ። ሦስተኛውና በዕድሜ ትንሹ ግን ከዚያ እሑድ ጀምሮ ወደ ኅብረቱ መምጣት አቆመ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ስሕተት ተሠርቶ ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ለዚያ ስሕተት የሰጠሁት ስም ትክክል ነበር ወይ?

ቃሉ ምን ይዟል?

«ሴራ» በአማርኛ ሦስት ነገሮችን በአንድነት የያዘ ቃል ነው። አንደኛ፣ ከአንድ ሰው በላይ ይፈልጋል። ብቻውን ክፉ የሚያስብ ሰው ተንኮለኛ ይባላል፤ ሴራ ግን ተባባሪ ይሻል። ሁለተኛ፣ ይደበቃል። በአደባባይ የሚቃወም ሰው ተቃዋሚ ነው፤ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሚሟገት ሰው ተከራካሪ ነው። ሦስተኛ፣ በሰው ላይ ጉዳት ያስባል። ተደብቀው የሚመክሩ ሰዎች ማንንም ለመጉዳት ካላሰቡ፣ ያላቸው ምስጢር እንጂ ሴራ አይደለም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቋንቋችን ሌላ ስም አዘጋጅቶልናል።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። «ዱለታ» አለ፤ በስውር ተመካክሮ በሰው ላይ መነሣት ነው። (የምንበላው ዱለት ሌላ ነው፤ ግራ እንዳትጋቡ።) «አድማ» አለ፤ ድሮ አድመኛ ክፉ ስም ነበር፣ ዛሬ ግን የሥራ ማቆም አድማ ሲባል በግልጽ የሚደረግ ነገር ሆኗል። «ሸር» አለ፣ «ተንኮል» አለ። «መከረ» የሚለው መልካም ቃል እንኳ በአንዲት ፊደል ይገለበጣል፤ «መከሩለት» ሲባል ረዱት ማለት ነው፣ «መከሩበት» ሲባል ግን ዶለቱበት ማለት ነው። በ«ለ» እና በ«በ» መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው። የጸሎት ርዕስ እየሰጠን ስለ አንድ ወንድም ጉድለት አንድ ሰዓት ስናወራ፣ የጸለይንለት ይመስለናል እንጂ የመከርንበት ልንሆን እንችላለን።

ከቃሉ ጋር የሚሄዱትን ግሦችም ተመልከቱ። ሴራ ይጠነሰሳል እንላለን። ጥንስስን እናቶቻችን ያውቁታል። ጌሾው ተዘጋጅቶ፣ ውኃው ተጨምሮ፣ ጋኑ ተከድኖ ቀናት ይቆያል። እኛ ጠላ ባንጠጣም ሽታውን ከጎረቤት እናውቀዋለን። ደግሞም ሴራ ይጎነጎናል እንላለን፤ እንደ ሹሩባ፣ ክር በክር ላይ እየተላለፈ፣ በትዕግሥት። እነዚህ ግሦች የሚያስተምሩን አማርኛ ሴራን ጊዜ የወሰደ፣ እጅ የበዛበት፣ ታስቦበት የተሠራ ነገር አድርጎ እንደሚያይ ነው። ስለዚህ በችኮላ የተወሰነ ውሳኔ ሴራ አይባልም። ስልክ መደወል የረሳ ሰውም አላሴረም። የእነዚያ የሦስት ልጆች ስብሰባ በአንድ ምሽት የተጠራ፣ በአንድ ምሽት ያለቀ፣ ደካማ አሠራር ነበር። ጥንስስ አልነበረውም።

አሁን ወደ መጨረሻዋ ፊደል እንምጣ። «ሴራ» ድርጊት ነው፤ «ሴረኛ» ግን ሰው ነው። «ኛ» የምትለው ቅጥያ ድርጊትን ወስዳ የሰው መጠሪያ ታደርጋለች። ቀልድ የሚያበዛ ቀልደኛ፣ ነገር የሚወድ ነገረኛ ነው። ፈረስ የሚጋልብ ፈረሰኛ ነው፤ ፈረሰኛ ግን ከፈረሱ ሲወርድ እግረኛ ይሆናል። ሴረኛ ከምን ላይ ይውረድ? አንድን ሰው «ሴራ ሠራህ» ብትሉት «አልሠራሁም» ሊል ወይም «ሠርቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ሊል ይችላል። «ሴረኛ ነህ» ብትሉት ግን ምን ይበል? ዝም ቢል «አየህ፣ ደበቀ» ይባላል። ቢናገር «አየህ፣ አታለለ» ይባላል። ቢያለቅስም «ተዋናይ ነው» ይባላል። የቃሉ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ተከሳሹ የሚያቀርበው መከላከያ ሁሉ እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ይቆጠርበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአፋን ኦሮሞ «ሴራ» ማለት ሕግ ማለት ነው። በሲዳማም እንደዚሁ ነው። የክስታኔ ጉራጌ ባህላዊ ሕግ ስሙ ጎርደና ሴራ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ከሌላ አካባቢ ከመጣ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ብትኖሩ፣ እርሱ ስለ አያቶቹ «ሴራ» በክብር ሲያወራ ጆሯችሁ ሊደነግጥ ይችላል። የቃላቱን ዝምድና ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወው። ለእኛ ግን ትምህርት አለው፤ የጎረቤትህን ቃል በራስህ ጆሮ ብቻ ከሰማኸው ሕጉን ዱለታ አድርገህ ልትወስድ ትችላለህ።

ስውር ሁሉ ሴራ አይደለም

እኛ የወንጌል አማኞች ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ወላጆቻችንና አያቶቻችን የት ነበር የሚጸልዩት? በየቤቱ፣ አራትም አምስትም እየሆኑ፣ መዝሙሩን በዝግታ እየዘመሩ፣ አንድ በአንድ እየገቡ፣ አንድ በአንድ እየወጡ ነበር። እስኪ በሦስቱ መመዘኛዎች እንመዝናቸው። ብዙ ነበሩ? አዎ። ተደብቀው ነበር? አዎ። በማን ላይ ነበር የሚመክሩት? በማንም ላይ። እንዲያውም ለሚያሳድዷቸው ይጸልዩ ነበር። ይሁን እንጂ ስማቸው የኢምፔሪያሊዝም ወኪል፣ የባዕድ መሣሪያ ነበር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከአገልግሎት ሲወጡ ተወስደው ተገደሉ። ያ ዘመን በየጊዜው «ሴረኞች» እያለ የሚጠራቸው ሰዎች ነበሩት፤ ብዙዎቹ ቀርበው የተሟገቱበት ችሎት አልነበረም።

የእነዚያ ሰዎች ልጆች ሆነን፣ ሦስት ሰዎች በር ዘግተው ስላየን ብቻ ይህን ቃል ከአፋችን ካወጣን የራሳችንን ታሪክ ረስተናል።

በቅርቡ የሆነውም ከታሪክ መጽሐፍ የሚነበብ አይደለም፤ ያየነው ነው። ጦርነቱ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበረችባቸው ወራት፣ ከፊላችን ሸሽተን ነበር፤ ከፊላችን ደግሞ ታማሚ አስታመን፣ ሕፃን ይዘን ቀርተን ነበር። ስንገናኝ መጀመሪያ እንዴት አላችሁ መባባል ሲገባን፣ የሸሸው የቀረውን «እንዴት ልትኖር ቻልክ?» አለው፤ የቀረው የሸሸውን «ማን ነግሮህ ቀድመህ ወጣህ?» አለው። «ሰርጎ ገብ»፣ «ጸጉረ ልውጥ» የሚሉት ቃላት በየሰፈሩ ይዞሩ ነበር። እስኪ «ጸጉረ ልውጥ» የሚለውን አስቡት፤ ሰውየው ምን እንዳደረገ አይናገርም፣ እኛን አለመምሰሉን ብቻ ይናገራል። በጦርነት ጊዜ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ጥያቄ ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን ሳይጠይቅ ይፈርዳል። በእንደዚያ ባለ ወቅት ሴረኛ የተባለ ሰው ከኅብረት በመራቅ ብቻ አይገላገልም፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል።

እውነተኛ ሴራ ሲኖርስ?

«ታዲያ ሴራ የለም ልትለን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ሴራ አለ። አቤሴሎም በአባቱ ላይ አሲሯል። የዮሴፍ ወንድሞች መክረውበታል። ጥያቄው ሴራ አለ ወይስ የለም ሳይሆን፣ ሲኖር እንዴት ይታወቃል፣ ለማንስ ይነገራል የሚለው ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከመርሳ ተነሥታችሁ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ውርጌሳን አልፋችሁ ጥቂት ብትሄዱ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት የውጫሌን ውል የተዋዋሉት እዚያ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ይናገር ነበር። የኢጣልያንኛው ግን ንጉሡ በኢጣልያ በኩል ለመላላክ እንደተስማሙ አድርጎ ጻፈው። ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። አገር ሊወስድ የነበረው ነገር በአንድ ግሥ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ነገሩ ሲታወቅ የተደረገውን ልብ በሉ። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልዩነቱ በየትኛው አንቀጽ፣ በየትኛው ቃል ላይ እንዳለ ታየ። ደብዳቤ ለኢጣልያ ንጉሥ ለኡምቤርቶ ተጻፈ። ለማረም ብዙ ተደከመ። እምቢ ሲባል ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን በግልጽ አፈረሱ። ዐድዋ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በየካቲት 1888 ነው። ማንም ሊያነበው የሚችል ማስረጃ ስለነበረ ክሱ እስከ ዛሬ ይቆማል። «ተባለ» የሚል ክስ ግን ሰባት ቀንም አይቆምም፤ የሚቆየው ያቆሰለው ሰው ቁስል ብቻ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23ም እንዲሁ ነው። ጳውሎስን ሳይገድሉ ላለመብላትና ላለመጠጣት የተማማሉት ሰዎች ከአርባ ይበልጡ ነበር። ሦስቱም መመዘኛዎች ተሟልተዋል፤ ብዙ ናቸው፣ ተደብቀዋል፣ ሊገድሉ አስበዋል። ሴራውን የሰማው የጳውሎስ የእኅት ልጅ ነው፤ እንደ እናንተ ወጣት። ምን አደረገ? ወደ ገበያ አልወጣም። ሴረኞች ናቸው እያለ በየበሩ አላወራም። ወደ አጎቱ ሄደ፤ አጎቱም ወደ ሻለቃው ላከው። ለሻለቃው ስንት ሰዎች እንደሆኑ፣ ምን ሊጠይቁ እንደሚመጡ፣ መቼ እንደሚመጡ ነገረው። ያ ሁሉ በእውቀት ላይ የቆመ ስለነበረ በዚያው ሌሊት 470 ወታደሮች ጳውሎስን አጅበው ወጡ። ልጁ የሰዎቹን ጠባይ ሳይተነትን ያወቀውን ብቻ፣ ሊያድን ለሚችል ሰው ብቻ ተናገረ።

ከዚህ ጋር የሰንባላጥን ነገር አስተያዩ። ነህምያ ምዕራፍ 6ን አንብቡ። ነህምያ በቀን ብርሃን ቅጥር እየሠራ ሳለ፣ ሰንባላጥ ልታምፅ ነው፣ ልትነግሥ ነው የሚል ደብዳቤ ላከበት። ደብዳቤውም ሳይታሸግ የተላከ ነበር፤ ያገኘው ሁሉ እንዲያነበው። ማስረጃውስ? በአሕዛብ መካከል ተሰምቷል፣ ጌሳምም ብሏል የሚል ነው። ዛሬ በስልካችን ከሚደርሰን «ሴራው ተጋለጠ» ከሚል ጽሑፍ በምን ይለያል? ያልታሸገ ደብዳቤ፣ «ተሰምቷል» የሚል ምንጭ፣ የአንድ ሰው ስም። ነህምያ ሐሰት መሆኑን በአጭሩ መልሶ ሥራውን ቀጠለ። ኢሳይያስም በምዕራፍ 8 ላይ ሕዝቡ ሴራ የሚለውን ሁሉ ሴራ እንዳይል፣ እነርሱ የሚፈሩትንም እንዳይፈራ ከእግዚአብሔር ተነግሮታል። ከተማው በሙሉ በፍርሃት ሲናወጥ ለነቢዩ የተሰጠው ትእዛዝ ስለ ቃል አጠቃቀም መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

«የሰይጣን ሴራ»

በመካከላችን ሌላም የተለመደ አነጋገር አለ። በኮንፈረንስ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ማይክ ሲያንባርቅ፣ ዝናብ ድንኳኑን ሲያፈስ «የሰይጣን ሴራ ነው» እንላለን። አንዳንዴ ጄኔሬተሩን ያልሞላው ወንድም ሰይጣንን ማመስገን ይገባዋል፤ ጥፋቱን ተሸክሞለታልና። ቀልዱን ትተን ግን ጳውሎስ ራሱ የሰይጣንን አሳብ እናውቃለን ያለው ስለ ምን ሲናገር ነው?

ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 2ን ክፈቱና ከቁጥር 5 ጀምራችሁ እስከ 11 አንብቡ። ጉባኤውን ያሳዘነ አንድ ሰው ነበረ። ጥፋቱ እውነተኛ ነበር፤ ተቀጥቷልም። ጳውሎስ አሁን ይቅር በሉት፣ አጽናኑት፣ ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ፍቅራችሁን አጽኑለት ይላል። ሰይጣን እንዳያታልለን፣ አሳቡን እናውቃለንና የሚለው በዚያው ምክር መጨረሻ ላይ ነው። እንግዲህ በዚያ ቦታ የሰይጣን ሴራ ጥፋተኛው ሰው አይደለም። ሴራው ያንን ሰው ወደ ውስጥ የሚያስገባውን በር መዝጋት ነው።

ይህን ሳነብ ያ የመርሳ እሑድ ትዝ አለኝ። በሦስቱ ልጆች ስብሰባ ውስጥ ሴራ ፍለጋ ሄጄ ነበር። በጳውሎስ አነጋገር ብንሄድ ግን በዚያ ቀን የሰይጣን አሳብ የተፈጸመው በእኔ አፍ ነው።

ስለዚህ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት እንሠርዘው አልልም። ያስፈልገናል፤ እውነተኛ ሴራ ሲመጣ ስሙን የምንጠራበት ቃል ሊኖረን ይገባል። በየዕለቱ በየግቢው የምንረጨው ከሆነ ግን በሚያስፈልገን ቀን የሚሰማን አይኖርም። ከመናገራችን በፊት እነዚህን ብንጠይቅ በቂ ነው። ምን ተደረገ፣ በማን፣ መቼ? ያወቅሁት ነው ወይስ የሰማሁት? በማን ላይ ጉዳት ታስቦ ነበር? የምነግረው ሰው ሊያስተካክለው የሚችል ነው ወይስ እንደ እኔ የሚናደድ ብቻ? ከተቻለ ደግሞ «ኛ»ን ትተን ድርጊቱን እንጥራ። «ሳትነግሩን ወሰናችሁ» ማለት እውነት ነው፤ ያስቆጣል፣ ግን መልስ ሊሰጡበት ይችላሉ። እኔም ያን ቀን ማለት የነበረብኝ ይህን ነበር።

ያን ልጅ ባለፈው ዓመት ወልድያ ሄጄ አገኘሁት። የሰው ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ወንበር አወጣልኝ፣ ቡና አስመጣልኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «እኔ እኮ ደውለው ስለጠሩኝ ነው የሄድኩት» አለኝ። ለስንት ዓመት ሊነግረኝ ይዞት የኖረው ነገር ይህ ብቻ ነበር። በዚያ እሑድ ብጠይቀው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይመልስልኝ ነበር።

ወደ ኅብረቱ ገና አልተመለሰም። በስልክ እንነጋገራለን፤ ለፋሲካ መርሳ እመጣለሁ ብሎኛል። እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ስሙ ትዝ የሚላችሁ ሰው ካለ፣ መጽሔቱን አስቀምጡና ደውሉለት።